የመልቲካስት ቡድን አባልነትን በስዊች ፖርቶች ላይ እንዴት እናዋቅራለን?

በአንድ ሆቴል ውስጥ ቴሌቪዥን በኔትወርክ ሲሰራጭ እያንዳንዱ ቻናል የራሱ የመልቲካስት አድራሻ (አንዱን ፍሰት ለብዙ ተቀባዮች በአንድ ጊዜ የሚያደርስ አድራሻ) ይሰጠዋል፤ የዚያ አድራሻ ተቀባዮች ቡድን ይባላሉ፤ የክፍሉ ቴሌቪዥንም እንግዳው የመረጠውን ቻናል ለማግኘት በአይጂኤምፒ ፕሮቶኮል አማካይነት የቡድኑ አባል መሆን እንደሚፈልግ ያስታውቃል። ስዊቹ ይህን መልእክት የማይከታተል ከሆነ ግን ፍሰቱን በቪላኑ (በስዊቹ ላይ ለብቻው በተከፈለው ንዑስ ኔትወርክ) ውስጥ ወዳሉት ፖርቶች ሁሉ ይለቀዋል። አንድ ቻናል በሰከንድ 8 ሜጋቢት ቢወስድ 40 ቻናሎች 320 ሜጋቢት ስለሚሆኑ፣ ባለ 100 ሜጋቢት ፖርት ቴሌቪዥን ላይ ምስሉ መቆራረጡ አይቀርም። ከዚህ በታች የተገለጸው አሠራር በሲስኮ ካታሊስት ስዊቾች ላይ የሚሠራ ሲሆን፣ የእንግሊዝኛ ትዕዛዞቹ እዚህ የተጻፉት በአማርኛ ፊደል እንደሚነበቡት ነው።

በመጀመሪያ የአድራሻ ዕቅድ ያውጡ። ለውስጥ አገልግሎት የተመደበው ክልል በ239 የሚጀምረው ነው። ሆኖም በ239.0.0 እና በ239.128.0 የሚጀምሩትን አይጠቀሙ፤ የአይፒ አድራሻው ወደ ማክ አድራሻ (ስዊቹ ፍሰቱን ወደየፖርቱ ለመምራት ወደሚጠቀምበት አድራሻ) ሲቀየር የመጨረሻዎቹ 23 ቢቶች ብቻ ስለሚወሰዱ፣ እነዚህ አድራሻዎች ስዊቾች ለሁሉም ፖርት ከሚያስተላልፉት ከ224.0.0 ክልል ጋር አንድ ዓይነት ማክ አድራሻ ይጋራሉ። ለምሳሌ 239.10.1.1 ብሎ መጀመር ይቻላል።

ቀጥሎ «ሾው አይፒ አይጂኤምፒ ስኑፒንግ» በሚለው ትዕዛዝ የአይጂኤምፒ መልእክቶች ክትትል (ስኑፒንግ) መብራቱን ያረጋግጡ። በካታሊስት ስዊቾች ላይ ከፋብሪካው በርቶ ይመጣል።

ብዙ ኔትወርኮች የሚሰናከሉት ከዚህ በኋላ ባለው እርምጃ ነው። የአንድ ፖርት አባልነት የሚጸናው ተቀባዩ መሣሪያ በየጊዜው ሲጠየቅና ሲመልስ ብቻ ነው። በፕሮቶኮሉ መደበኛ ልክ ጥያቄው በየ125 ሰከንዱ የሚላክ ሲሆን፣ ለ260 ሰከንድ መልስ ያልተሰማበት አባልነት ይሰረዛል። በመሆኑም ኔትወርኩ ውስጥ ኩዌሪየር የሚባለው ጠያቂ ከሌለ ቻናሉ በትክክል ይከፈትና ከጥቂት ደቂቃዎች በኋላ ይጠፋል፤ ባለሙያውም ጥፋቱን በቴሌቪዥኑ ወይም በገመዱ ላይ ሲፈልግ ይውላል። መልቲካስት የሚያስተላልፍ ራውተር ካለ ይህን ሥራ እርሱ ይሠራል። ከሌለ ግን በዋናው ስዊች ላይ «አይፒ አይጂኤምፒ ስኑፒንግ ኩዌሪየር» የሚለውን ትዕዛዝ ይስጡ፤ ለቪላኑም የአይፒ አድራሻ ይመድቡለት። ጠያቂዎች ከአንድ በላይ ሲሆኑ ዝቅተኛ የአይፒ አድራሻ ያለው ስለሚመረጥ፣ ዝቅተኛውን ቁጥር ለዋናው ስዊች መስጠት ይበጃል። ስዊቾች የመልቲካስት ፍሰትን ሁልጊዜ ወደ ጠያቂው አቅጣጫም ስለሚልኩ፣ ጠያቂው ከቪዲዮ ሰርቨሩ ርቆ በዳርቻ ስዊች ላይ ከተቀመጠ 40ውም ቻናሎች ያለ ፈላጊ ያን መስመር ያጨናንቁታል።

አይጂኤምፒ የማያውቅ መሣሪያ ካለ ብቻ ፖርቱን በእጅ የቡድኑ አባል ያድርጉት፤ ትዕዛዙም «አይፒ አይጂኤምፒ ስኑፒንግ ቪላን 20 ስታቲክ 239.10.1.1 ኢንተርፌስ ጊጋቢት 1/0/5» ነው። ይህ አባልነት መሣሪያው ቢነሳም ስለማይሰረዝ፣ የተሠራበትን ፖርት መዝግቦ መያዝ ያስፈልጋል።

ቻናል ሲቀየር አሮጌው ፍሰት ወዲያው እንዲቆም ከተፈለገ «አይፒ አይጂኤምፒ ስኑፒንግ ቪላን 20 ኢሚዲየት ሊቭ» የሚለውን መጠቀም ይቻላል። ይህ ግን ለእያንዳንዱ ፖርት አንድ ተቀባይ ብቻ ሲኖር ነው፤ ከፖርቱ ሥር በትንሽ ስዊች የተያያዙ ሁለት ቴሌቪዥኖች ካሉ፣ አንዱ ቻናሉን ሲተው የሌላውም ይቋረጣል። አንድ ፖርት የሚቀላቀላቸውን ቡድኖች ቁጥር ለመገደብ ደግሞ በፖርቱ ላይ «አይፒ አይጂኤምፒ ማክስ ግሩፕስ» የሚለው ትዕዛዝ ያገለግላል።

በመጨረሻ «ሾው አይፒ አይጂኤምፒ ስኑፒንግ ግሩፕስ» ብለው የትኛው ፖርት የየትኛው ቡድን አባል እንደሆነ፣ «ሾው አይፒ አይጂኤምፒ ስኑፒንግ ኩዌሪየር» ብለው ደግሞ ጠያቂው ማን እንደሆነ ይመልከቱ። ፍተሻው ቻናሉ እንደተከፈተ እንዳይቆም፤ ከ260 ሰከንዱ ገደብ ማለፉ እንዲታይ ቢያንስ 10 ደቂቃ ሳይነኩት ይቆዩና ዝርዝሩን ዳግም ካነበቡ በኋላ ውቅሩን ያስቀምጡ።