የታይሮይድ መድኃኒትና የጠዋት ቡና
አንገት ላይ ያለው የታይሮይድ ዕጢ የሚያመነጨው ሆርሞን አንሶባችሁ ምትኩን ሌቮታይሮክሲን የምትወስዱ እህቶችና ወንድሞች፣ እባካችሁ ክኒኑን በቡና አትዋጡት። እናቴ ጠዋት ጠዋት ሲኒዋን እንደያዘች መድኃኒቷን ትውጥ ነበር፤ ድካሙና ብርዱ ግን አልለቅ አላት። ለካ ቡናው መድኃኒቱ በደንብ ወደ ደም እንዳይገባ ያግደው ኖሯል። አሁን ክኒኑንና አንድ ብርጭቆ ውኃ ከራስጌዋ አስቀምጣ ታድራለች። እንደነቃች በባዶ ሆዷ ትውጥና ከ30 እስከ 60 ደቂቃ ትጠብቃለች፤ ጀበናው የሚጣደው ከዚያ በኋላ ነው።

የብረት ወይም የካልሲየም ክኒን ካለባችሁ ከዚህ መድኃኒት በ4 ሰዓት ልዩነት አራርቁት። በጾም ወቅት በወተት ፋንታ የአኩሪ አተር ወተት የምታዘወትሩም ልብ በሉ፤ እርሱም መድኃኒቱን ስለሚያግድ ለሐኪማችሁ ንገሩ።

ጎመን ታይሮይድን ይጎዳል እየተባለ ብዙ ይወራበታል፤ እንደ እኛ ወግ በደንብ ተቀቅሎ በልክ ከተበላ ግን አያሰጋም። ለዚሁ ዕጢ የሚያስፈልገውን አዮዲን የያዘውን ጨው ክዳን ባለው ዕቃ ከምድጃ አርቃችሁ አስቀምጡ፤ አዮዲኑ በሙቀት ስለሚተን ወጡ ሊወርድ ሲል ጨምሩት። የአዮዲን እንክብል ግን ያለ ሐኪም ትእዛዝ አትጀምሩ፤ ሲበዛም ዕጢውን ያውካል።