ያረጀ ሳክስፎን ሲገዙ፦ ከመልኩ በፊት ትንፋሹን መመርመር

በደብረ ማርቆስም ሆነ በባሕር ዳር ሳክስፎን ለመማር ተነሥቶ ገንዘብ ያጠረው ሰው፣ ከጡረተኛ የማርሽ ባንድ ተጫዋች እጅ የወጣ፣ ወርቃማ ቀለሙ የተላጠና እዚህም እዚያም የተሰረጎደ መሣሪያ ቢቀርብለት በመልኩ ብቻ ንቆ ሊመልሰው አይገባም። በናሱ ላይ የተቀባው ቀለም መላጡ ድምፁን አይጎዳውም፤ ጣት በሚያርፍባቸው ቁልፎች ላይ ተለይቶ የሚታይ መፋቅ ደግሞ መሣሪያው ለዓመታት ሲነፋ እንደኖረ ይመሰክራል፤ የማይታዘዝ ሳክስፎን ያን ያህል ዘመን የሚነፋው ሰው አያገኝም።

ቤልጅየማዊው አዶልፍ ሳክስ እ.ኤ.አ. በ1846 ፓሪስ ላይ የፈጠራ መብቱን ያስመዘገበበት ይህ መሣሪያ፣ በመሠረቱ ከጠባብ አንገት ተነሥቶ እየሰፋ የሚሄድ፣ ከ20 በላይ ቀዳዳዎች ያሉት የናስ ቱቦ ነው። ቀዳዳዎቹን የሚደፍነው ፓድ የሚባለው፣ ውስጡ ሱፍ የሆነና በቆዳ የተለበጠ ክብ መክደኛ ነው። ዋሽንት የነፋ ሰው አንዲት ጣት በደንብ ሳታርፍ ስትቀር ድምፁ እንዴት እንደሚሰበር ያውቃል፤ እዚህም ያው ነው። ወደ ዝቅተኛው ድምፅ ለመውረድ በላይ ያሉት ቀዳዳዎች መደፈን ስላለባቸው፣ ወደ አንገቱ ጠጋ ብላ ያለች አንዲት ማሾለኪያ ከእርሷ በታች ያሉትን ድምፆች ሁሉ ታውካለች። በመሆኑም ከሁሉ የሚበልጠው ፈተና የመጨረሻውን ዝቅተኛ ድምፅ፣ ማለትም ቢ ፍላትን፣ በለሰስታ ነፍቶ መስማት ነው፤ በኃይል ሲነፉት ብቻ የሚወጣ ከሆነ አየር እየሾለከ ነው።

እኔ ቴነር ሳክስፎኔን የገዛሁት ደብረ ማርቆስ ውስጥ ከአንድ አዛውንት ቤት ነው። ከሣጥኑ ሲወጣ አረንጓዴ ዝገት የያዘ፣ አንዱ ቁልፉ ሞላው ተሰብሮ በላስቲክ የታሰረ ነበርና ሳመነታ፣ «ንፋው እንጂ ልጄ፣ በዓይንህ ምን ታደርገዋለህ?» አሉኝ። ነፋሁት፤ ያ ዝቅተኛ ድምፅ ያለ ምንም ግፊት፣ ሞላ ብሎ ወጣ። ያም ሆኖ በዚያ ብቻ አልተውኩትም፤ እሳቸው መስኮቱን በጋቢ ጋርደው ክፍሉን ካጨለሙልኝ በኋላ፣ በቀጭን ሽቦ ያሰርኳትን ትንሽ አምፖል በሰፊው አፍ በኩል ወደ ውስጥ አስገብቼ ቁልፎቹን አንድ በአንድ ዘጋሁ። ከአንዱ ፓድ ሥር ብቻ ክር የምታህል ብርሃን ታየች። ይህን ሲያደርጉ ጣትዎን ቀለል አድርገው ያሳርፉ፤ አጥብቀው ከተጫኑ ማሾለኪያው ለጊዜው ይደፈንና ይታለላሉ።

ርካሽም ቢሆን መተው ያለበት መሣሪያ አለ። አንገቱ ወደ ታች ተጎትቶ ቱቦው ክብነቱን ያጣ፣ ወይም ዋናው አካል ጎብጦ የቁልፎቹ ዘንጎች እየተጣበቁ የሚንቀሳቀሱ ከሆነ፣ ማቃናቱ የሠለጠነ እጅ ይጠይቃል። በናሱ ላይ ሮዝ መሳይ ነጠብጣቦች ካሉ፣ ዚንኩ ከብረቱ እየተሟጠጠ መሆኑን ያሳያሉ። በተለይ እ.ኤ.አ. ከ1930 በፊት አሜሪካ ውስጥ በተሠሩት ላይ ከመለያ ቁጥሩ አጠገብ የተቀረጸውን ፊደል ይመልከቱ፦ «ኤች» ወይም «ኤች ፒ» የሚል ካለበት የተሠራው ዛሬ ከምንጠቀምበት 440 ኸርዝ ከፍ ላለ ቅኝት ስለሆነ፣ ከኪቦርድም ሆነ ከባንድ ጋር አይስማማም። ይህን ጥገና አያድነውም።

የአፍ መንፊያው የሚሰካበት የአንገቱ ቡሽ ማለቁ ግን አያስደንግጥዎ፤ እስኪቀየር ድረስ የቧንቧ ሠራተኞች የሚጠቀሙበትን ቴፍሎን መጠምጠም ይበቃል። የሚጣበቅ ፓድም ከሥሩ ስስ ወረቀት አስገብተው፣ ቀለል አድርገው ዘግተው ቢያነሡት እርጥበቱን ይተዋል። ፓዶቹ በሙሉ ደርቀው ከተሰነጣጠቁ ነገሩ ሌላ ነው፤ ለጥገና ዓባይን ተሻግሮ አዲስ አበባ ድረስ መውሰድ ካስፈለገ ከደብረ ማርቆስ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሆነ፣ የጥገናውንም የጉዞውንም ወጪ ከዋጋው ጋር ደምረው ይደራደሩ።

ለሙከራ ሲሄዱ የጥንካሬ ቁጥሩ 2 ወይም 2 ተኩል የሆነ አዲስ ሪድ፣ ማለትም በአፍ መንፊያው ላይ ታስሮ ሲነፉ የሚርገበገበውን ስስ የሸምበቆ ቁራጭ፣ የራስዎን ይዘው ይሂዱ፤ በሻጩ ያረጀ ሪድ የተነፋ ጥሩ ሳክስፎን መጥፎ ሊመስል ይችላልና። የአፍ መንፊያው ጫፍ በጥፍር ሲዳሰስ የተቆረሰ ነገር ሊኖረው አይገባም፤ ቤት ሲገቡም በሳሙናና በለብታ ውኃ ይጠቡት፤ የፈላ ውኃ ግን የተሠራበትን ጥቁር ጎማ ያወይበዋል። በእኔ ቴነር ላይ የነበረው ላስቲክ ለሁለት ዓመት አገለገለኝ፤ ሞላውን ያስቀየርኩት ከዚያ በኋላ ነው።