ከሶልር የመጣ ውጤት አልነበብ ሲል፦ ችግርና መፍትሄ

ሶልር የሚባለው የጽሑፍ ፍለጋ ሰርቨር መነሣቱን፣ ፖርቱ ክፍት መሆኑን፣ የኢንዴክሱ (ሶልር የሚፈልግበት ማውጫ) ስም በትክክል መጻፉን አይታችኋል ብዬ ልጀምር። ይህ ጽሑፍ ከሶልር ውጤት ተቀብሎ ለድረ ገጽ የሚያቀርብ የፒኤችፒ ስክሪፕት ለሚጽፉ፣ በተለይም የአማርኛ ጽሑፍ ላይ ለሚሠሩ ነው።

ምልክቱ ይታወቃል፤ ጄሰን ዲኮድ (በጄሰን ቅርጽ የመጣውን መልስ የሚፈታው የፒኤችፒ ፈንክሽን) ባዶ ይመልሳል፣ ወይም ገጹ ያለ አንዳች የስህተት መልእክት ነጭ ሆኖ ይቀራል። ወዲያው ሁሉም ሶልርን ይወቅሳል። ሶልር ጥፋተኛ ሆኖ የሚገኘው ግን ከስንት አንዴ ነው፤ ውጤቱ የሚበላሸው ከሶልር ከወጣ በኋላ ነው። ስለዚህ ጥሬውን መልስ ምንም ሳትነኩት ፋይል ላይ ጻፉት፤ የኤችቲቲፒ ቁጥሩንም አብራችሁ መዝግቡ። እባካችሁ፣ ጥሬውን ሳታዩ አንድም መስመር ኮድ አትለውጡ።

ጥሬው መልስ በ«<» ከጀመረ ጄሰን አይደለም። ወይ በእናንተና በሶልር መሐል ያለው አስተላላፊ ሰርቨር (ፕሮክሲ) የላከው የ502 ወይም የ504 የስህተት ገጽ ነው፣ ወይ ሶልሩ ከ7.0 በፊት የወጣ ነው፤ እነዚያ ቅርጹ ካልተነገራቸው ኤክስኤምኤል ይመልሳሉ። ጄሰን መፈለጋችሁን በጥያቄው ላይ በግልጽ ጻፉ። ቁጥሩ 200 ካልሆነ መልሱን ለመፍታት አትሞክሩ።

የመጀመሪያዎቹ ሁለት ባይቶች 31 እና 139 ከሆኑ መልሱ በጂዚፕ ታምቆ መጥቷል፤ ጥያቄውን ከፒኤችፒ የሚልከው ከርል ራሱ እንዲፈታው የኢንኮዲንግ አማራጩን ባዶ ጽሑፍ ስጡት።

አሳሹ ዘንድ የደረሰው ምላሽ በ239፣ 187፣ 191 ከጀመረ፣ ከፒኤችፒ ፋይሎቻችሁ አንዱ የማይታይ ምልክት (BOM) መጀመሪያው ላይ ይዞ ተቀምጧል። ያለ ምልክቱ መልሳችሁ አስቀምጡት።

አጭሩ ጥያቄ ሠርቶ ረጅሙ 414 (አድራሻው ረዝሟል) ከመለሰ ምክንያቱ አድራሻው ነው። አንድ የአማርኛ ፊደል አድራሻ ውስጥ ሲገባ 9 ምልክት ይሆናል። ሶልር የሚሠራበት የድር ሰርቨር፣ ጄቲ፣ ደግሞ ካልተቀየረ በቀር ለጥያቄው ራስጌ የሚፈቅደው 8192 ባይት ነው። ብዙ ማጣሪያ ያለው ፍለጋ ይህን በቀላሉ ያልፋል። ገደቡን ከፍ አታድርጉ፤ ጥያቄውን በፖስት፣ ማለትም አድራሻው ላይ ሳይሆን በመልእክቱ ውስጥ፣ ላኩት።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። አንዱ ቃል ሲፈለግ ገጹ ይሠራል፣ ሌላው ሲፈለግ ባዶ ይሆናል፤ በእንግሊዝኛ ሲሞከር ምንም ችግር የለም። ውጤቱን ወደ ጄሰን የሚቀይረው ጄሰን ኢንኮድ ሐሰት መልሷል፤ የስህተት ቁጥሩን ብትጠይቁት 5 ይላችኋል፣ የተበላሸ ዩቲኤፍ-8 (ፊደላት በባይት የሚጻፉበት ሥርዓት) አለ ማለት ነው።

የአማርኛ ፊደል በዩቲኤፍ-8 ሦስት ባይት ይይዛል። ለምሳሌ «ሰ» 225፣ 136፣ 176 ነው። ጽሑፍ የሚቆርጠው የፒኤችፒ ፈንክሽን፣ ሰብስትር፣ የሚቆጥረው ግን ባይት እንጂ ፊደል አይደለም። «200 ብቻ አሳይ» ስትሉት 66 ፊደል በ198 ባይት ይሰጥና ከ67ኛው ፊደል ሁለት ባይት ቆርጦ ያመጣል። በቃላት መካከል ያለው ክፍት ቦታ አንድ ባይት ስለሆነ መቁረጫው ከጽሑፍ ጽሑፍ ይለያያል፤ አንዳንዴ ፊደሉ ዳር ላይ ያርፋል፣ አንዳንዴ መሐሉን ይሰነጥቃል። ከአሥር ውጤት አንዱ ብቻ ከተሰነጠቀ ጄሰን ኢንኮድ አሥሩንም አይልክም።

አንድ የሥራ ማስታወቂያ ድረ ገጽ ላይ ይኸው ችግር ተነሥቶ ሶልር በተደጋጋሚ ጠፍቶ ተነሣ፣ የሰርቨሩ ሚሞሪ ተጨመረ፣ ኢንዴክሱ ከሥር ተሠራ። ጥፋቱ የሥራ ዝርዝሩን በ200 የምትቆርጥ አንዲት መስመር ነበረች። ከፊቷ የስህተት መልእክትን የሚያፍን የ«@» ምልክት ተደርጎባት ነበር! ይህን ምልክት ከኮዳችሁ ንቀሉት። ስህተትን አያስተካክልም፤ ደብቆ ሌላውን ሰው ቀናት ያስለፋል።

ከዚህ የከፋው በየቦታው የሚመከረው «ዩቲኤፍ8 ኢንኮድ» የሚባለው ፈንክሽን ነው። በፒኤችፒ 8.2 እንዳይሠራበት ተመክሯል፤ መመከሩም ዘግይቷል። የመጣለትን ሁሉ እንደ ላቲን-1፣ ማለትም እያንዳንዱን ባይት እንደ አንድ ፊደል፣ ስለሚያይ ሦስቱን ባይት ስድስት ያደርገዋል። ስህተቱ ይጠፋል፣ አማርኛውም አብሮ ይጠፋል። አንድ ገጽ ላይ ይህ የተደረገው ጽሑፉ ወደ ሶልር ከመላኩ በፊት ነበር፤ ኢንዴክሱ በሙሉ ማንም ሊያነበው በማይችል ነገር ተሞላ፣ ሶልርም ትክክለኛ ዩቲኤፍ-8 ስለሆነ ምንም ሳይቃወም ተቀበለው።

መፍትሄው በፊደል የሚቆጥረው ኤምቢ ሰብስትር ነው። ከዚያም የሚሻለው ቅንጭቡን ሶልር ራሱ እንዲያወጣ የሃይላይት አገልግሎቱን ማብራት ነው፤ የቅንጭቡን ርዝመት የሚለካው በፊደል ነው፣ የተፈለገውንም ቃል ያደምቃል።

መቁረጡን አስተካክላችሁ ስህተት ቁጥር 5 ካልጠፋ ከጽሑፍ መጨረሻ ምልክት የሚያነሣውን አርትሪምን ፈትሹ። «።» እንዲያነሣ ሲታዘዝ፣ አርትሪም አራት ነጥብን የሚያውቀው 225፣ 141፣ 162 የሚባሉ ሦስት ነጠላ ባይቶች አድርጎ ነው። «ገቢ።» ሲሰጡት «።»ን ያነሣል፤ የ«ቢ» የመጨረሻ ባይትም 162 ስለሆነ እሱንም ገንጥሎ ይሄዳል። «ገዢ።»ም፣ «አንባቢ።»ም እንዲሁ ይሆናሉ። «መንግሥት።» ግን በደህና ስለሚያልፍ ጥፋቱን ማንም አይጠረጥረውም። ፒኤችፒ 8.4 ካላችሁ ኤምቢ አርትሪምን ተጠቀሙ፤ ከሌላችሁ ዩቲኤፍ-8ን እንዲያውቅ በታዘዘ ሬጌክስ (የጽሑፍ ንድፍ መፈለጊያ) አንሡት።

የተበላሸውን ባይት ዝም ብሎ እንዲዘል ለጄሰን ኢንኮድ የሚሰጥ አማራጭም አለ። ገጹ ሥራ ላይ ሆኖ ሰው እየጠበቀ ከሆነ ለጊዜው ያዙት፤ ግን እዚያው አትተዉት፤ የፊደሉ መጥፋት አይታወቃችሁም።

መቁረጡ ወይም አርትሪሙ ያለው ወደ ሶልር በሚላክበት በኩል ከሆነ ምልክቱ ሌላ ነው፤ ጄሰኑ ስላልተሠራ ዶክመንቱ ኢንዴክስ ውስጥ አይገባም፣ ፍለጋውም ያለ ስህተት «ምንም አልተገኘም» ይላል። ከመላካችሁ በፊት እያንዳንዱን ጽሑፍ በኤምቢ ቼክ ኢንኮዲንግ አሳልፉ፣ የወደቀውን መለያ ቁጥር ሎግ ላይ ጻፉ። ኮዱን ካስተካከላችሁ በኋላም ዶክመንቶቹን ከዋናው ዳታቤዝ እንደገና ላኩ።