ትራንስፎርመሩ ላይ 12 ስለተጻፈ 12 አይደለም፦ ኤሲን ወደ ዲሲ ስትቀይሩ የምትሠሯቸው ስህተቶች

አዳማ ውስጥ ኤሌክትሮኒክስ የሚነካካ ልጅ ሁሉ አንድ ቀን ከአሮጌ ቴፕ ወይ ከቆራሌ ያገኘውን ትራንስፎርመር ይዞ ፓወር ሰፕላይ ልሥራ ማለቱ አይቀርም፣ ዩኒቨርሲቲ ያሉትም ፕሮጀክት ሲሰጣቸው መጀመሪያ የሚነኩት ይቺኑ ነው። ነገሩ አጭር ነው እኮ፣ ትራንስፎርመሩ 220 ቮልቱን ኤሲ (አቅጣጫው የሚመላለሰውን ኮረንቲ) ያወርዳል፣ አራት ዳዮድ ማለትም ብሪጁ ወደ አንድ አቅጣጫ ያዞረዋል፣ ዲሲ የሚባለው እሱ ነው፣ ካፓሲተሩ ያለሰልሰዋል፣ ሬጉሌተሩ ልኩን ይይዛል፣ በቃ። ሰው የሚቃጠልበት ግን እቃው ላይ የተጻፈውን ቁጥር እንዳለ አምኖ ሲገጥም ነው። ስለዚህ ብዙ ጊዜ የማያቸውን ስህተቶች ላውራችሁ።

ዋናው እና ሁሉም ሰው የሚገባበት፣ 12 ቮልት ትራንስፎርመር ካለኝ 12 ቮልት ዲሲ አገኛለሁ ማለት። አታገኝም። ትራንስፎርመሩ ላይ ያለው 12 አር ኤም ኤስ የሚባለው፣ የማዕበሉ ውጤታማ ልክ እንጂ ጫፉ ያልሆነው ነው፣ ማዕበሉ ጫፍ ላይ ሲደርስ 12 በ1.41 ተባዝቶ ወደ 17 ይሆናል፣ ካፓሲተሩ ደግሞ የሚሞላው እስከ ጫፉ ነው። ከብሪጁ ሁለት ዳዮድ በአንዴ ስለሚሠሩ 1.4 ቮልት ይበሉባችኋል፣ ስለዚህ 15 ተኩል አካባቢ ይቀራል። ይሄ እንግዲህ ሎድ (ኮረንቲ የሚወስድ እቃ) ሲኖረው ነው፣ ምንም ካልተሰካበት ትንንሽ ትራንስፎርመሮች ከተጻፈባቸው በላይ 14 ምናምን ኤሲ ስለሚሰጡ ካፓሲተሩ ላይ ቴስተር ስታደርጉ 19 ወይ 20 ቢያሳያችሁ ቴስተሩ ተበላሸ አትበሉ። እዚህ ላይ የ12 ቮልት ኤልኢዲ ስትሪፕ በቀጥታ የሚሰካ ሰው አለ፣ መጀመሪያ እንዴት ያምራል ይላል፣ ከዛ ስትሪፑ ይግላል፣ ከዛ ሦስት ሦስት እያለ መጥፋት ይጀምራል። አርዱይኖ ኡኖ የሚባለው ፕሮግራም የሚጫንበት ቦርድም ቢሆን በክቡ ጃክ ከ7 እስከ 12 ነው የሚመከረው፣ ከዛ በላይ ስትሰጡት ላዩ ላይ ያለችው ትንሽ ሬጉሌተር ናት የምትጠበሰው።

ከዚሁ የሚመጣው የካፓሲተር ቮልት ነው። 12 ቮልት ነው የምሠራው ብሎ 16 ቮልት የሚል ካፓሲተር የሚገዛ አለ፣ ሒሳቡን አሁን አይታችኋል፣ ቢያንስ 25 ይሁን፣ እኔ ግን መብራት ጠፍቶ ሲመለስ የሚመጣውን ነገር ስለማላምነው 35 ነው የምለው፣ የዋጋው ልዩነት የሚያስጨንቅ አይደለም። በተለይ 12-0-12 የሚል ሦስት ሽቦ ያለው ትራንስፎርመር ሲሆን ተጠንቀቁ፣ የመሀሉን ትታችሁ የዳርና የዳሩን ብሪጅ ላይ ካሰራችሁ 24 ኤሲ ነው፣ ዲሲው ከ30 ይበልጣል፣ 25 ቮልት ካፓሲተር እዛ ላይ ሲፈነዳ ድምፁን ሰፈሩ ነው የሚሰማው።

የካፓሲተሩ መጠን ደግሞ ሌላ ነው። አምፕሊፋየር ሠርቶ ስፒከሩ "እምምም" ሲልበት አይሲውን (ድምፁን የሚያጎላውን ቺፕ) የሚቀይር ሰው ብዙ ነው፣ አይሲው ምን አደረገ? መብራታችን 50 ኸርዝ ነው፣ ከብሪጅ ሲወጣ 100 ይሆናል፣ ያ የምትሰሙት ጉምጉምታ እሱ ነው። ካፓሲተር ማለት እንደ ሮቶ ነው፣ ውሃ በመጣና በሄደ መሀል ቤቱን የሚይዘው እሱ ነው፣ ሮቶው ትንሽ ከሆነ ውሃው ሳይመለስ ያልቃል። በግምት የምትሠሩበት ቀላል ሒሳብ አለ፣ የምትወስዱትን አምፒር ለ100 አካፍሉት፣ ያን ደግሞ በፋራድ ለካፓሲተሩ አካፍሉት፣ የሚወዛወዘውን ቮልት ይሰጣችኋል። 1 አምፒር ከ1000 ማይክሮፋራድ ብትወስዱ በሒሳቡ 10 ቮልት ይወዛወዛል፣ ያ ዲሲ አይባልም። 4700 ብታደርጉት ወደ 2 ይወርዳል፣ ከኋላው ሬጉሌተር ካለ ይበቃል።

አሁን ወደ እኛ ሀገር ችግር እንምጣ፣ 220 ራሱ 220 አይደለም። ቀን ላይ ሠርታችሁ ሁሉም ነገር ልክ ሆኖ ማታ ሁሉም ምጣድ ሲጥድ ፕሮጀክቱ የሚያብድበት ምክንያት ይሄ ነው። ሒሳቡን አብረን እንየው፣ መስመሩ 180 ቢወርድ ያ 12 ቮልት ትራንስፎርመር 9.8 ነው የሚሰጠው፣ በ1.41 ሲባዛ 13.9፣ የዳዮዱን ሲቀንሱ 12 ተኩል። 7812 የምትባለው ሬጉሌተር ደግሞ 12 ለማውጣት ከላይ ወደ 2 ቮልት ትርፍ ትፈልጋለች፣ ቢያንስ 14 ማለት ነው፣ ውዝወዛውን ሳንቆጥር። ስለዚህ ሬጉሌተሯ አልተበላሸችም፣ የምትሠራበት አጥታ ነው። ከ7812 ጋር 15 ቮልት ትራንስፎርመር አድርጉ፣ ግን ያኔ መስመሩ ደህና ሲሆን ትርፉ ሙቀት ሆኖ ይወጣል፣ ሂትሲንኩን (ሙቀቱን የሚያስወጣውን ብረት) ተለቅ አድርጉት። አንዳንዱ ስታቢላይዘር አለኝ ይላል፣ ጥሩ ነው፣ ግን ለአንድ ዋይፋይ ራውተር ስታቢላይዘር ሲጮህ ማደር ምን አገባኝ።

ሙቀት ካልን፣ ከ16 ቮልት ወደ 5 በ7805 (5 ቮልት በምታወጣው ሬጉሌተር) የሚያወርዱ አሉ። 11 ቮልት ትርፍ ነው፣ ግማሽ አምፒር ብትወስዱ 5 ዋት ተኩል ሙቀት ማለት ነው፣ ያቺ እቃ ያለ ሂትሲንክ ከ1 ዋት ከምናምን በላይ አትችልም፣ አዳማ በሚያዝያ ቀትር ላይ ደግሞ ከዛም ያንሳል። ምልክቱን ልንገራችሁ፣ ቶሎ አትቃጠልም፣ ሲግላት ራሷን ታጠፋለች፣ ስትቀዘቅዝ ትበራለች፣ ብሉቱዝ ሞጁሉ ኮኔክትድ ይላል፣ ዘፈኑ ይጀምራል፣ ድርግም፣ እንደገና ኮኔክትድ። ሞጁል እየቀያየራችሁ ብር አታውጡ፣ ሬጉሌተሯን ጠጋ ብላችሁ እዩ፣ በጣት አትንኳት ግን። ለዚህ ዓይነት ትልቅ ልዩነት ኤልኤም 2596 የሚባለው ትንሽ ሞጁል ይሻላል፣ 3 አምፒር ተብሎ ይሸጣል፣ እናንተ ከ2 አታሳልፉት።

የትራንስፎርመር አምፒር ላይም የተጻፈው ሙሉ በሙሉ የእናንተ አይደለም። 1 አምፒር ኤሲ የሚል ከብሪጅና ካፓሲተር በኋላ ወደ 0.6 ዲሲ ቢሰጣችሁ ነው፣ ምክንያቱም ካፓሲተሩ ቀስ ብሎ አይጠጣም፣ ጫፍ ጫፉ ላይ በአንዴ ነው የሚጎትተው። ዳዮዱንም እዩ፣ 1ኤን4007 1 አምፒር ነው፣ 1000 ቮልት ስለሚል ትልቅ ነው ብለው 3 አምፒር የሚያሳልፉበት አሉ። ለዛ 1ኤን5408 ውሰዱ ወይ ብረት ያለውን ብሪጅ።

ግልባጭ መግጠም ብዙ አያስወራም፦ ካፓሲተር ላይ መስመሩ ያለበት እግር ኔጋቲቭ ነው፣ ዳዮድ ላይ ደግሞ መስመሩ ያለበት ፖዘቲቭ የሚወጣበት ነው። ይሄ ሁለቱን ሰው ያምታታል። ፕላስና ማይነስ ለሚፈልግ አምፕሊፋየር 7812 እና ማይነስ 12 የሚያወጣውን 7912 የምትጠቀሙ ደግሞ የእግራቸው አቀማመጥ አንድ አይደለም፣ የጀርባቸው ብረትም አንድ አይደለም፣ የ7812 ጀርባ ግራውንድ ነው፣ የ7912 ጀርባ ኔጋቲቭ መግቢያው ነው። አንድ ሂትሲንክ ላይ ያለ ማይካ (ኮረንቲ የማያሳልፍ ስስ መለያ) አብራችሁ ካሰራችኋቸው ሾርት ነው።

አሁን የሚገድለው። ትራንስፎርመር አያስፈልግም፣ በካፓሲተር ብቻ 220ን ማውረድ ይቻላል የሚሉ ቪዲዮዎች አሉ፣ ይቻላል፣ ችግሩ 5 ቮልት ያላችሁት ሽቦ ከመስመሩ አልተለየም፣ በአንዱ አሰካክ ደህና ይመስላል፣ ስፒናውን ገልብጣችሁ ስትሰኩት ግራውንድ ያላችሁት ፌዝ (ኮረንቲ ያለበት ሽቦ) ይሆናል፣ የኛ ባለ ሁለት እግር ስፒና ደግሞ እንደፈለገ ይገለበጣል። በእጅ ለሚነካ፣ ኬብል ለሚወጣው ነገር በፍጹም እንዳታስቡት። በዚሁ ምክንያት ማብሪያውን ስላጠፋችሁ ኮረንቲ የለም አትበሉ፣ ማብሪያው የቆረጠው ኑትራሉን (መመለሻውን ሽቦ) ሊሆን ይችላል፣ ስፒናውን ንቀሉ። የማይክሮዌቭ ትራንስፎርመር ቆራሌ ጋ ቢገኝ አትንኩት፣ የሚያወጣው 2000 ቮልት አካባቢ ነው፣ ይሄ የፕሮጀክት እቃ አይደለም። የቲቪ ወይ የቻርጀር ፓወር ስትከፍቱ ደግሞ 400 ቮልት የሚለው ወፍራም ካፓሲተር ውስጥ ከተነቀለ በኋላም 300 ቮልት ሊቀመጥ ይችላል፣ በካቻቪቴ ሾርት ማድረግ እቃውንም ዓይንንም ይጎዳል፣ 10 ኪሎኦም 5 ዋት ሬዚስተር በፒንሳ ይዛችሁ 10 ሰከንድ ያህል አስነኩትና በቴስተር አረጋግጡ።

ፊውዝ መግቢያው ላይ ይሁን፣ ለ12 ቮልት 2 አምፒር ትራንስፎርመር 250 ሚሊአምፒር ቀስ ብሎ የሚቆርጠው ዓይነት ይበቃል፣ በሽቦ ክር የተጠቀለለ ፊውዝ ፊውዝ አይደለም። አዲስ የሠራችሁትን ደግሞ መጀመሪያ በቀጥታ ሶኬት ላይ አትስኩ፣ የድሮውን ክር ያለውን 60 ዋት አምፖል በተከታታይ አድርጋችሁ ሞክሩት፣ ብልጭ ብሎ ከደበዘዘ ደህና ነው፣ ቦግ ብሎ ከቀረ የሆነ ቦታ ሾርት አለ፣ ግን ቢያንስ ያቃጠላችሁት እቃ የለም።

እውነቱን ለመናገር ከ3 አምፒር በታች ለሆነ ነገር የአሮጌ ሪሲቨር ወይ የላፕቶፕ አዳፕተር ካገኛችሁ እሱን ተጠቀሙ፣ ብዙዎቹ ከ100 እስከ 240 ስለሚሠሩ የማታው መውረድ አይነካቸውም፣ ከ19ኙ የላፕቶፕ ቮልት ወደ 12 ወይ 5 በኤልኤም 2596 ማውረድ ነው፣ እሱን ግን እንዳልኩት ከ2 አምፒር ሳታሳልፉ። ሞጁሏን ግን ሎድ ሳታስሩ ቴስተር አድርጋችሁ ቪቷን እያዞራችሁ አስተካክሉ፣ ቪቷ ብዙ ዙር አላት፣ መጀመሪያ አካባቢ ምንም የማይቀየር ሊመስላችሁ ይችላል፣ አዙሩ። ቴስተሩም ዲሲ ቮልት ላይ መሆኑን፣ ቀዩ ገመድ ደግሞ 10 አምፒር ቀዳዳ ውስጥ አለመቅረቱን እዩ፣ እዛ ከቀረ ራሱ ቴስተሩ ሾርት ነው የሚሆንባችሁ።