ፎቶ ቤቶች ክላውድ ሲመርጡ የሚሠሯቸው ስህተቶች

ከጥምቀት እስከ ዐቢይ ጾም መግቢያ ባለው የሰርግ ሰሞን አንድ ፎቶ ቤት በአንድ ሳምንት ሁለት ሦስት ሰርግ ይይዛል። በ24 ሜጋፒክስል ካሜራ በሮው (ካሜራው ሳይጨምቅ በሚያስቀምጠው ጥሬ ፋይል) የተነሳ አንድ ፎቶ ከ25 እስከ 30 ሜጋ ይይዛል፤ 1,500 ፎቶ ማለት ወደ 40 ጊጋ መሆኑ ነው። ሃርድ ዲስኩ ይሞላል፣ አሜሪካ ያለችው የሙሽሪት እኅት ደግሞ ‹‹ፎቶው መች ነው የሚደርሰን?›› እያለች ትጨቀጭቃለች። ባለቤቱም መጀመሪያ ያገኘውን የክላውድ፣ ማለትም ፋይልን በኢንተርኔት የሚያስቀምጥ፣ አገልግሎት ከፍቶ መጫን ይጀምራል።

‹‹ነፃ ነው›› ብሎ መግባት

ነፃ ቦታ የሰጠው ድርጅት በፈለገ ቀን ደንቡን ይቀይራል። ጎግል ፎቶስ ለዓመታት ያለ ገደብ ሲያስቀምጥ ቆይቶ፣ እ.ኤ.አ. ከጁን 2021 ጀምሮ ነፃውን 15 ጊጋ ላይ ገደበው፤ ያውም ከጂሜይልና ከድራይቭ ጋር የሚጋሩት። ከላይ ካልነው ሰርግ ግማሹን እንኳ አይችልም። ፎቶባኬት የተባለው የፎቶ ማስቀመጫ ድረ ገጽ እ.ኤ.አ. በ2017 ፎቶዎቻቸውን ሌላ ድረ ገጽ ላይ የሚያሳዩ ደንበኞቹን በዓመት 400 ዶላር ገደማ ጠየቀ፤ ባልከፈሉት የኢንተርኔት ሻጮች ገጽ ላይ የዕቃዎቹ ፎቶ በአንድ ጀምበር ጠፍቶ የክፍያ ማሳሰቢያ ተተካ። አማዞን ፎቶስ ለፕራይም አባላት የሚሰጠው ያልተገደበ ቦታም ለግል እንጂ ለንግድ ሥራ አይፈቀድም።

የሚከፈልበትን ሲመርጡ ደግሞ ሒሳቡ በዶላር መሆኑን አይርሱ። ከሐምሌ 2016 በፊት 57 ብር ገደማ የነበረው የባንክ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ከ100 ብር አልፏል። አንድ ወር ክፍያ ቢያልፍዎ ፎቶዎቹ ምን እንደሚሆኑ ደንቡ ላይ አስቀድመው ያንብቡ።

ቴሌግራምን መጋዘን ማድረግ

ይሄ እንኳ የእኛው ነው። በፎቶ መልክ የተላከ ምስል ይጨመቃል፤ ለትልቅ አልበም ማተሚያ አይሆንም። በፋይል መልክ ከተላከ ጥራቱ አይነካም፣ ግን በየካቲት 2015 የሆነውን ያስታውሱ። ቴሌግራም፣ ፌስቡክ፣ ዩቲዩብና ቲክቶክ ተዘግተው እስከ ሐምሌ ቆዩ። ቪፒኤን ለማያውቅ ደንበኛ አምስት ወር ያህል አልበሙ የለም ማለት ነው። ለማስረከቢያ ይጠቀሙበት፤ ዋናውን ቅጂ ግን አያስቀምጡበት።

አካውንቱን በሠራተኛ ስም መክፈት

በእኔ ግምት ከሁሉም የከፋው ይህ ነው፤ የሚያደርሰው ጉዳት ቶሎ አይታይምና። ኤዲተሩ ልጅ ‹‹ጋሼ፣ እኔ ልክፈተው›› ይላል። በገዛ ጂሜይሉ ይከፍታል፣ የማረጋገጫ ኮዱም የሚገባው በእሱ ስልክ ነው። የተሻለ ደሞዝ ያገኝና ይሄዳል። በሰላም ቢለያዩ እንኳ ሲሙን ይቀይራል፣ ፓስወርዱን ይረሳል። ሙሽሪት ለልጇ ክርስትና ስትመጣ ‹‹የሰርጌን ፎቶ አንዴ ልታወጡልኝ?›› ትላለች፤ መልሱ ‹‹ልጁ ጋ ነው ያለው›› ይሆናል። ጎግል ደግሞ ሁለት ዓመት ማንም ያልገባበትን የግል አካውንት ከነፎቶው ሊሰርዝ ይችላል።

ኢሜይሉ በድርጅቱ ስም ይከፈት። ኮዱ በባለቤቱ ወይም በድርጅቱ ስም ወደ ወጣ ሲም ይግባ፤ የመጠባበቂያ ኮዶቹም ታትመው ከንግድ ፈቃዱ ጋር ይቀመጡ። ሠራተኛው በራሱ መግቢያ ይሥራ፣ ሲለቅ እሱን ብቻ ማውጣት ነው። ይህን የማይፈቅድ አገልግሎት ለቤተሰብ ይሆን ይሆናል እንጂ ለሥራ አይሆንም።

ሲንክን ባክአፕ ነው ማለት

ሲንክ ኮምፒውተርዎንና ክላውዱን አንድ ዓይነት ያደርጋል፤ ባክአፕ ግን ለብቻው የሚቀመጥ መጠባበቂያ ቅጂ ነው። ሲንክ በሆነ ፎልደር እዚህ የሰረዙት እዚያም ይሰረዛል። ወደ ጎግል ፎቶስ የተጫነ ፎቶ ሲሰረዝ በቅርጫቱ የሚቆየው 60 ቀን ነው። ፎቶ አንሺዎች 3-2-1 የሚሉት ልማድ አለ፦ ሦስት ቅጂ፣ በሁለት ዓይነት ማስቀመጫ፣ አንዱ ከሥራ ቦታው ውጭ። ክላውዱ ከሦስቱ አንዱ ነው። ሃርድ ዲስኩን አይሽጡት።

የመጫኛ ፍጥነትን አለማስላት

መስመር ሲገዙ የሚነገርዎት ቁጥር ብዙ ጊዜ የማውረጃው ነው። በሰከንድ 5 ሜጋቢት የሚጭን መስመር ያን 40 ጊጋ ለመጫን 18 ሰዓት ያህል ይፈልጋል፤ ያውም መብራት ካልጠፋ። ትልቅ ፎልደር መጫን ይጀምሩና መሐል ላይ ዋይፋዩን ያጥፉት። ሲመለስ ካቆመበት ካልቀጠለ ይተዉት።

ሊንኩን ለሁሉም ክፍት መተው

ሊንክ በቤተሰብ ግሩፕ ከገባ በኋላ ማን እንደሚያየው አይታወቅም። ፓስወርድና የማብቂያ ቀን የሚቀበል አገልግሎት ይምረጡ። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ ደግሞ ጉዳዩ የይሉኝታ ብቻ አይደለም፤ ማን እንደሚያይ፣ እስከ መቼ እንደሚቀመጥና ለማስታወቂያ ይውል እንደሆነ ውሉ ላይ አስፍረው ሙሽሮቹን ያስፈርሙ።

መውጫውን ሳያዩ መግባት

ጎግል ቴክአውት (ፋይልዎን ከጎግል የሚያወጡበት መሣሪያ) ፎቶውን በዚፕ ሲያወጣ አልበሙ ላይ የጻፉትን መግለጫ ጄሰን በሚባል የተለየ የጽሑፍ ፋይል ያደርገዋል፤ መልሶ ማገጣጠሙ ራስ ምታት ነው። የዓመት ክፍያ ከመክፈልዎ በፊት የአንድ ሰርግ ፎልደር ይጫኑና መልሰው ያውርዱት። የፋይሉ መጠን፣ ስሙና የተነሳበት ሰዓት ከካሜራው ሜሞሪ ጋር አንድ ከሆነ ይክፈሉ።