ወንዙን ሰማያዊ አትቀቡት

በኢምፕሬሽኒስቶች፣ ማለትም የብርሃንን ቅጽበት ለመያዝ ይጥሩ በነበሩት የ19ኛው ክፍለ ዘመን የፈረንሳይ ሠዓሊዎች፣ መንገድ ጸጥ ያለ ወንዝ ልሳል የሚል ጀማሪ ሁሉ መጀመሪያ እጁን የሚሰደው ወደ ሰማያዊ ቀለም ነው። የረጋ ውሃ ግን የሚያሳየው ሰማዩንና ዳር ዳሩ ያለውን ነው። ከእነሱ አንዱ የሆነው ክሎድ ሞኔ እ.ኤ.አ. በ1896 እና በ1897 ፈረንሳይ ውስጥ በዢቨርኒ መንደር አካባቢ የሳላቸውን የሴን ወንዝ ማለዳዎች እዩ። ሐምራዊ አለ፣ ሮዝ አለ፣ ጭጋግ የለበሰ አረንጓዴ አለ። በአንዳንዶቹማ ዛፉ የት አልቆ ነጸብራቁ የት እንደሚጀምር መለየት ያቅታል።

ወደ ነጸብራቁ ስንመጣ ትዕግስቴ ያልቃል። ተማሪው ወንዝ ዳር ያለውን ዛፍ ተጠንቅቆ ይስላል። ከዚያ ያንኑ ዛፍ፣ አንድ ቅጠል ሳያጎድል፣ ገልብጦ ውሃው ውስጥ ይደግመዋል። አንዱማ ሸራውን ዘቅዝቆ ሲቀዳ ደረስኩበት። ኧረ ተው! ውሃ ፎቶ ኮፒ ማሽን አይደለም። ፈካ ያለ ነገር ውሃው ላይ ትንሽ ይጠቁራል፤ በጣም የጠቆረው ደግሞ ትንሽ ይፈካል። ነፋስ ሽው ካለ ነጸብራቁ ወደ እኛ ይረዝማል፣ ጠርዙም ይቆራረጣል። ደግሞ ውሃው የሚያሳየው የነገሩን የታች ገጽ ነው። ዳር ቆመን የማናየውን የድልድይ ሆድ ውሃው ላይ የምናየው ለዚህ ነው። ስለዚህ ዛፉንና ነጸብራቁን አብራችሁ ሳሉ። ላይ አረንጓዴ ስታሳርፉ፣ ያንኑ ቀለም ለወጥ አድርጋችሁ ወዲያው ታች ጣል አድርጉ። ቁልቁል ጎትቱት። በመጨረሻ ጥቂት አግድም ጭረቶች ከላዩ ስትጨምሩ ውሃው ይተኛል። ጭረቶቹ እየራቁ ሲሄዱ ይቅጠኑ። ብዙ አታድርጓቸው፤ ጸጥ ያለ ወንዝ ነው የምንስለው።

ጥላን በጥቁር አትሥሩ። ሞኔ እ.ኤ.አ. በ1905 በጻፈው ደብዳቤ የምጠቀመው እነዚህን ብቻ ነው ብሎ ከዘረዘራቸው ቀለሞች ውስጥ ጥቁር የለም። ኮባልት ሰማያዊና ደማቅ ቀይ አላችሁ አይደል? በቃ፣ እነሱን ቀላቅሉ።

ያሳረፋችሁትን ቀለም ደጋግማችሁ አታሹት። ጭቃ ይሆናል።

ከጠዋት እስከ ቀትር አንድ ሸራ ላይ መቆየትስ? ብርሃኑ አይጠብቃችሁም። ግራው በጠዋት ፀሐይ፣ ቀኙ በከሰዓት ፀሐይ የበራ ሥዕል አምጥተው “ምን ጎደለው?” ብለው የጠየቁኝ አሉ። ምንም አልጎደለውም፣ አንድ ፀሐይ ተርፎታል እንጂ። ሞኔ ጎህ ሳይቀድ ጀልባው ላይ ይወጣና ብርሃኑ በተለወጠ ቁጥር ሸራ ይቀይር ነበር። “እኔ ያለኝ አንድ ሸራ ነው” ለምትሉ፣ ሸራውን በወረቀት ፕላስተር ለአራት ከፍላችሁ ሥሩበት። አንዱ ሩብ ለአንድ ብርሃን ይበቃል።

ከስልክ እያያችሁ የምትቀዱ ደግሞ አስቀድማችሁ የሥዕሉን መጠን ፈልጉ። እነዚያ የሴን ማለዳዎች አብዛኞቹ ወደ 90 ሴንቲሜትር ገደማ ስፋት አላቸው። ስልኩ ላይ ነጥብ የመሰላችሁ ሸራው ላይ ሙሉ የብሩሽ ምት ነው። ስለዚህ ያን ቀጭን ብሩሽ አስቀምጡልኝ፣ ጠፍጣፋውን አንሱ።