በግ የሌለው እረኛ

ውሻዬን ቡሬን ያመጣሁት መልኩን አይቼ ነው። ግራጫ ላይ ጥቁር ጣል ጣል ያለበት፣ አንድ ዓይኑ ሰማያዊ፣ አንዱ ቡናማ። ስሙን ከአባቴ በሬ ወሰድኩለት። ዘሩ አውስትራሊያን ሼፐርድ ይባላል፤ ስሙ አያሳስታችሁ፣ ዘሩ የወጣው እዚሁ ምዕራብ አሜሪካ፣ ከብትና በግ ሲነዳ ነው። እኛ ደግሞ ዴንቨር፣ ባለ ሁለት መኝታ አፓርታማ ውስጥ ነን። በግ የለም።

ስለዚህ ልጆቼን መንዳት ጀመረ። ቀልዴን አይደለም። ኮሪደሩ ላይ ሲሮጡ ከኋላ ዞሮ ተረከዛቸውን ነከስ ያደርግና ሶፋው ጥግ ሰብስቦ ያቆማቸዋል። ተቆጥቶ አይደለም፣ ሥራው ነው። አትምቱት። ልጆቹ ቀጥ ብለው ይቁሙ፤ የሚሮጥ ከሌለ የሚነዳ የለም። ከዚያ የሚጎትተው ገመድ ስጡት።

ጠዋት 45 ደቂቃ፣ ማታ 45 ደቂቃ አወጣዋለሁ። ኳስ ብቻ ስትወረውሩለት ብትውሉ ግን የማይደክም ሯጭ ነው የምታፈሩት። ጭንቅላቱን አድክሙት። እኔ እራቱን በሳህን አልሰጠውም። ደረቅ ምግቡን አሮጌ ፎጣ ላይ በትኜ እጠቀልለዋለሁ፣ እሱ በአፍንጫው እየፈለቀቀ ይለቅማል። አሥር ደቂቃ ይፈጅበታል፤ ከዚያ ቤቱ ጸጥ ይላል።

ፀጉሩ ድርብ ነው። በጋ ላይ አሳዝኗችሁ እንዳትላጩት፣ ከፀሐይም የሚከልለው እሱ ነው። በሳምንት ሁለቴ አበጥሩት፤ ከጆሮው ኋላ ቶሎ ይቋጠራል። እናቴ ልትጠይቀን ስትመጣ ነጠላዋን በር ላይ አውልቃ ፌስታል ውስጥ ትከታለች።

ይሄን ግን በደንብ ስሙኝ። ከዚህ ዘር ብዙዎቹ ኤምዲአር 1 በሚባለው ጂን ላይ ጉድለት አለባቸው። ጉድለቱ ያለበት ውሻ አንዳንድ መድኃኒት አንጎሉ ውስጥ ሲገባ የሚመልስለት ዘበኛ የለውም። አይቨርሜክቲን የሚባለው የትል መድኃኒት ከተሰጠው ፈረስ የወጣ ፋንድያ ቢበላ እንኳ ሊያንገዳግደው፣ ሊገድለውም ይችላል። የተቅማጥ ማስታገሻው ሎፐራማይድም አደገኛ ነው፤ ከራሳችሁ መድኃኒት ቆርሳችሁ እንዳትሰጡት። ምርመራው ቀላል ነው፣ ጉንጩን ከውስጥ በጥጥ ጠረግ ማድረግ ይበቃል። ውጤቱ ሐኪሙ ጋ ይመዝገብ። ቡሬ አለበት።

ቡችላ ልትገዙ ስትሄዱ እናቱንም አባቱንም አሳዩኝ በሉ። ሁለቱም እንደ ቡሬ ቡራቡሬ ከሆኑ ተመለሱ። እያንዳንዱ ቡችላ ቡራቡሬነቱን ከሁለቱም የመውረስ ዕድሉ ከአራት አንድ ነው፤ እንዲህ ሆኖ የተወለደ ደግሞ ብዙ ጊዜ አይሰማም ወይም አያይም። እኔ ያን ቀን ያየሁት እናቱን ብቻ ነበር። አባቱ ጥቁር መሆኑን ያወቅኩት ከወራት በኋላ ነው።